«አይቀድምም» እና «አያልፍም»፦ በጅማ የድሮ ፎቶዎች ላይ ያሉ ሞተር ሳይክሎችን የመለየት ሥራ ማስታወሻ

መስከረም፣ የሥራው ደንብ

ጅማ ውስጥ ከየቤቱ አልበም ሞተር ሳይክል የሚታይባቸውን የድሮ ፎቶዎች እየተዋስኩ ነው። ከፈረንጅ አራዳ፣ ከሂርማታ፣ ከጅሬን፣ ከቆጪ የመጡ አሉ። ፎቶውን በስካነር አነሳለሁ፣ ሞተሩ የየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ እለያለሁ፣ ከዚያ ፎቶው የተነሳበትን ጊዜ የቻልኩትን ያህል አጠባለሁ። ዋናው ፎቶ በዚያው ሰሞን ለባለቤቱ ይመለሳል፤ የሰው አልበም እቤቴ አያድርም።

ለምን ሞተር? ኮት ዓመት አይናገርም፤ ጥሩ ኮት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ግድግዳም እንዲሁ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ሳይቀባ ይቆያል። ሞተር ሳይክልን ግን ፋብሪካው በየጊዜው ይነካካዋል። ዘንድሮ የፊት መብራቱን፣ ለከርሞ ኮርቻውን፣ ቀጥሎ ሰርባቶዮው (የነዳጅ ታንኩ) ላይ ያለውን ምልክት ይለውጣል። የተለወጠው ሁሉ ደግሞ በካታሎጉና በመለዋወጫ መጽሐፉ ላይ ከነዓመቱ ሰፍሯል። ስለዚህ ጅማ ውስጥ ማንም ቀን ያልጻፈበት ፎቶ፣ በእንግሊዝ በርሚንግሃም ወይም በጣሊያን ማንዴሎ ዴል ላርዮ ውስጥ ቀን ተጽፎለታል ማለት ነው። ይህ ነገር እስካሁን ይደንቀኛል።

አንድ ደንብ ግን ከመጀመሪያው አጥብቄ ይዣለሁ። ሞተሩ የሚነግረኝ ፎቶው ከመቼ በፊት ሊነሳ እንደማይችል ብቻ ነው። መቼ እንደተነሳ አይነግረኝም። ሞተር ተሠርቶ ወዲያው ጅማ አይደርስም፤ ከደረሰም በኋላ እየተጠገነ ሃያ ዓመት ይነዳል። በእያንዳንዱ ፖስታ ላይ ሁለት መስመር የማሰምረው ለዚህ ነው፦ «አይቀድምም» እና «አያልፍም»። የመጀመሪያውን ሞተሩ ይሞላዋል። ሁለተኛውን የሚሞሉት ሰው፣ ወረቀት፣ መንገድና ሕንፃ ናቸው። ሁለተኛው ሁልጊዜ ይከብዳል፤ አንዳንዱ ፖስታ ላይ ባዶውን ይቀራል፣ ባዶ መሆኑም መታየት አለበት።

ከዚህ በታች እ.ኤ.አ. ያልኩት የፋብሪካው ዓመት ነው፤ ዓ.ም. ያልኩት የእኛው። ሁለቱን መደባለቅ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት ያመጣል፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ስምንት ዓመት ማለት ሌላ ሞተር ማለት ነው።

መስከረም፣ ስካነሩ

ትንንሾቹ ፎቶዎች 6 በ9 ሳንቲሜትር ናቸው። ሰው ሲያያቸው «ይቺ ምን ይታይባታል» ይላል፤ እኔ ግን ከትላልቆቹ አስበልጣቸዋለሁ። ኔጌቲቩ ራሱ ወረቀቱ ላይ ተጋድሞ፣ ሳይጎላ የታተመ ስለሆነ ዝርዝሩ ሁሉ አለ። በኢንች 1200 ነጥብ ሳነሳቸው የጎማው ሽቦዎች ይቆጠራሉ፣ ሰርባቶዮው ላይ ያለው ምልክት ቅርጹ ይወጣል።

የጅማ እርጥበት ለፎቶ ክፉ ነው። በፍሬም ውስጥ የኖረ ፎቶ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል። እንዲህ ያለውን አላላቅቅም፤ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል። እንዳለ በመስታወቱ በኩል አነሳዋለሁ። ጀርባውን ደግሞ በስልክ መብራት ከጎን እያበራሁ አያለሁ፤ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ቢጠፋ እንኳ የእርሳሱ ጫና ወረቀቱ ላይ ጎድጉዶ ይቀራል፣ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ይነበባል። የፎቶ ቤት ማኅተም ጥግ ላይ ሳይቀለም ተጨፍልቆ የሚገኘውም በዚሁ መንገድ ነው።

ፎቶ «እናጠራለን» የሚሉትን የስልክ መተግበሪያዎች በዚህ ሥራ አላስገባም። አንድ ወጣት ከአያቱ ፎቶ ላይ አጥርቶ ያመጣልኝ ሞተር በጣም ያምራል፣ ያብረቀርቃል፤ ሰርባቶዮው ላይ ያለው ምልክት ግን ማንም ፋብሪካ ሠርቶት የማያውቅ ነው። መተግበሪያው ያላየውን ፈጥሮ ሞልቶታል። ደብዛዛ ማስረጃ ማስረጃ ነው፤ የተፈጠረ ግን ምንም አይደለም። ዋናውን አምጣልኝ ብዬው አመጣው።

መስከረም መጨረሻ፣ በዓይን መለየት

ከስም በፊት ዘመን ነው የምለየው። የፊት ጎማውን የሚይዘውን እግር አያለሁ። በብረት ዘንጎች ተገጣጥሞ ከመብራቱ ሥር አንድ ትልቅ ሞላ ካለው፣ የአሮጌው ዓይነት ነው፤ አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ይህን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትተውታል። አንዱ ቱቦ ሌላው ውስጥ የሚገባ ሁለት ወፍራም እግር ካለው ግን አዲሱ ዓይነት ነው። ቢኤምደብሊው በአር 12 ላይ ይህን በዘይት የሚሠራ እግር እ.ኤ.አ. በ1935 አውጥቷል፤ የእንግሊዙ ማችለስ በጦርነቱ መሐል በ1941 ጂ 3 ኤል ላይ አድርጎታል፤ ሌሎቹ ከ1946 ወዲህ ተከትለዋል።

ሰርባቶዮውስ? በሁለት ቧንቧዎች መካከል የተሰነቀረ ጠፍጣፋ ሳጥን ከሆነ የ1920ዎቹ ነው። ቧንቧው ላይ እንደ ኮርቻ የተቀመጠ ከሆነ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው። እስካሁን ከጅማ ጠፍጣፋውን አላገኘሁም።

ኋላውን ሳይ፣ ከጎማው ግራና ቀኝ አሞርትዛተር (ንዝረት ማብረጃ) ከሌለና ሞላ ያለው ኮርቻው ሥር ብቻ ከሆነ፣ የእንግሊዝ ሞተር ከሆነ በአብዛኛው ከ1950ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ ነው። ረጅሙ፣ ሁለት ሰው የሚይዘው ኮርቻ የተለመደውም በነዚያው ዓመታት ነው። የአቅጣጫ መብራት ካለው ግን ብዙ አልደክምም፤ ወደ 1960ዎቹና 1970ዎቹ እሄዳለሁ።

እነዚህ ምልክቶች ጥሩ ናቸው፣ ነገር ግን ፋብሪካው ሳይታወቅ ዓመት አይሰጡም። የሚቀጥለው ፎቶ ምክንያቱን ያሳያል።

ጥቅምት፣ ጋቢ የለበሱት ሰውና ጉዚው

ከጅሬን የመጣ ነው። አንድ ጋቢ የለበሱ ረጅም ሰው ከሞተር አጠገብ ቆመዋል፤ እጃቸው ሞተሩን አልነካም። ቤተሰቡ «በአባ ጅፋር ጊዜ የተነሳ ነው» ይላል፤ ሰውየው የቤተሰቡ አያት ናቸው፣ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ቅርበት እንደነበራቸው ይነገራል።

ሞተሩ አላስቸገረኝም። ሲሊንደሩ ወደ ፊት ተጋድሟል፤ በግራ በኩል ደግሞ ቮላኖው (ከባዱ ክብ ብረት) ከሞተሩ ውጭ እርቃኑን ይሽከረከራል። እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ሲገኙ ሞቶ ጉዚ ነው፤ ከ1921 ጀምሮ ማንዴሎ ዴል ላርዮ በኮሞ ሐይቅ ዳር የሚሠራው። ባለ 500 ሲሲ ነው። የፊት እግሩ አሮጌው፣ ባለ ሞላው ነው። ኋላው ግን በሞላ ይንቀሳቀሳል!

በእንግሊዝ ሞተር ሚዛን ብንሄድ የኋላው ብቻ ፎቶውን ወደ 1950ዎቹ ይወስደዋል። ጉዚ ግን ከሌሎቹ ቀድሟል። እ.ኤ.አ. በ1928 የመሥራቹ ወንድም ጁዜፔ ጉዚ ኋላው የሚንቀሳቀስ ሞተር እየነዳ እስከ ኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ ድረስ ሄዷል፤ ሞተሩም «ኖርጌ» ተባለ። የጦር ሠራዊቱ ጂቲ 17፣ ከ1932 ጀምሮ የወጣው፣ ይህንኑ ኋላ ይዟል፤ በ1939 የመጣው አልቼም ይዞታል። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 የመጣው ሱፐራልቼ ደግሞ ሁለቱም ቫልቮቹ ከላይ ናቸው። ፎቶው ላይ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) አጠገብ የሚታየው አንድ ቫልቭ ብቻ ነው፣ ሞላውም ገሀድ ወጥቷል፤ ሌላው ከጎን ነው። ስለዚህ ሱፐራልቼ አይደለም።

የፊት ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ላይ ነጭ ታርጋ አለ። በአጉሊ መነጽር ሳየው «አር» እና «ኢ» የሚሉት የላቲን ፊደሎች ከቁጥሮቹ በፊት ይነበባሉ፤ የጣሊያን ንጉሣዊ ሠራዊት ታርጋ ነው። ፊደሎቹ ቀይ፣ ቁጥሮቹ ጥቁር ነበሩ፤ የዚያ ዘመን ብዙው ፊልም ቀይን አጥቁሮ ስለሚያሳይ እዚህ ሁሉም ጥቁር መስሏል።

እንግዲህ ፍርዱ ከሞተሩ ወደ ታርጋው ተዛወረ። ሞተሩ «ከ1932 ወዲህ» ብሎ ያቆማል። የጣሊያን ሠራዊት ግን ጅማ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1936 በፊት አልነበረም፤ ከተማዋም የተለቀቀችው በሰኔ 1933 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ስለዚህ ፎቶው እሳቸው ካረፉ ቢያንስ አራት ዓመት ቆይቶ የተነሳ ነው።

ይህን ለቤተሰቡ ስነግር ቅር ይላቸዋል ብዬ ሰግቼ ነበር። የቤቱ ታላቅ ሴት እማማ ግን ወዲያው ሌላ ነገር ያዙ። «ታዲያ ከጣሊያን ሞተር አጠገብ ምን ያቆማቸዋል? አባቴ ያኔ ታስረው ተፈቱ ይባል ነበር» አሉ። ሞተሩ ለዚህ መልስ የለውም፤ ጥያቄውን ግን ከነቃላቸው ፖስታው ጀርባ ላይ ጽፌዋለሁ። «አያልፍም» በሚለው መስመር «ሰኔ 1933 ዓ.ም. ገደማ» ካልኩ በኋላ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ፤ የተማረከ ሞተር ታርጋውን ይዞ ትንሽ ሊቆይ ይችላልና።

ጥቅምት፣ ግራኙ ሞተር

መርካቶ አካባቢ ጋራዥ የነበራቸው አንጋፋ መካኒክ ጋሼ በዚህ ሥራ ትልቁ ረዳቴ ናቸው። ጋራዡን ለልጆቻቸው ትተው አሁን ከሰዓት በኋላ በር ላይ በጅማ በርጩማ ተቀምጠው ነው የማገኛቸው። እጃቸው ያልፈታው የሞተር ዓይነት ጥቂት ነው።

አንድ ፎቶ ሰጠኋቸው። ኮት የለበሰ ወጣት ሞተር ላይ ተቀምጧል። የፊት እግሩ ባለ ሞላው፣ ኋላው የማይንቀሳቀስ፣ ቴስታታው ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ፣ ቫልቮቹ ከጎን። እኔ የእንግሊዙ ቢኤስኤ ኤም 20 መስሎኝ ነበር፤ ግን ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) በግራ በኩል ነው፣ የኤም 20 ደግሞ በቀኝ ነው። ሌላ ፋብሪካ ልፈልግ ካታሎግ ይዤ ሄጄ ነበር።

ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩት። «ልጄ፣ ይሄ ሞተር ግራኝ ሆኗል። ማስነሻ መርገጫውም በግራ ነው። እንግሊዝ እንዲህ አይሠራም። ልጁ ኮቱን እንዴት ነው የቆለፈው?»

ኮቱን አየሁ። የወንድ ኮት የግራው ገጽ በቀኙ ላይ ተደርቦ ነው የሚቆለፈው፤ የዚህ ወጣት ተገልብጧል። የደረት ኪሱም በቀኝ በኩል ነው። ፎቶ ቤቱ ኔጌቲቩን ገልብጦ አትሞታል፤ ሥራ ሲበዛ በጨለማ ክፍል ውስጥ የሚያጋጥም ነው። ምስሉን ኮምፒውተር ላይ ስገለብጠው ማርሚታው ወደ ቀኝ ሄደ፣ የካቴናው መሸፈኛ ወደ ግራ መጣ፣ ኤም 20 ሆኖ ቁጭ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ፎቶ ከሞተሩ በፊት በቁልፉ እመረምረዋለሁ፦ የወንድ ኮት፣ የግድግዳ ጽሑፍ፣ ታርጋ። ነጠላና ጋቢ ለዚህ አይረዱም፤ ጉዚው የዳነው ቮላኖው በግራ በመገኘቱና ታርጋው በመነበቡ ነው።

ልኬትም ሠራሁ፣ ምክንያቱም ሞተሩ ከካሜራው ፊት ትንሽ ጠመም ብሎ ነው የቆመው። ሞተር ሲጠም ጎማው ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ይሆናል፤ ቁመቱ አይለወጥም፣ ስፋቱ ይጠባል። በሁለቱ ጎማዎች መሐል ያለው ርቀትም በዚያው መጠን ይጠባል። ስለዚህ ያንን ርቀት በጎማው ቁመት ሳይሆን በስፋቱ ካካፈልነው ጥመቱ ከላይም ከታችም ስለሚጣፋ ትክክለኛው ውጤት ይቀራል። የቀረበው ጎማ ከራቀው ስለሚገዝፍ የሁለቱን አማካይ መውሰድ ነው። የኤም 20 ርቀት 54 ኢንች ነው፤ በ19 ኢንች ቸርኬ ላይ 3.25 ጎማ ሲገባበት የውጭ ስፋቱ 25.5 ኢንች ገደማ ይሆናል። 2.1 ማለት ነው፤ ፎቶውም ወደዚያው ሰጠኝ። ይህ ቁጥር ብቻውን አይፈርድም፤ ሌሎች ትልልቅ የእንግሊዝ ሞተሮችም አጠገቡ ናቸው። ካልገጠመ ግን ግምቱን ይጥለዋል፤ ጥቅሙ እሱ ነው።

ቢኤስኤ በጦርነቱ ጊዜ ለጦር ኃይሎች 126,000 ያህል ሞተር አቅርቧል፤ አብዛኛው ኤም 20 ነበር። የእንግሊዝ ሠራዊት በ1933 ዓ.ም. ከመጣ በኋላ እዚህ መታየቱ አያስገርምም። ጋሼ የእግር ማሳረፊያውን አሳዩኝ፤ ላስቲክ የለውም፣ ባዶ ብረት ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1942 ማላያን ስትይዝ እንግሊዝ የጎማ ላስቲክ አጠራት፣ ፋብሪካውም ማሳረፊያውን በብረት፣ የመሪውን መያዣ በሸራ ማድረግ ጀመረ። ይህ ከሆነ ፎቶው ከ1942 ወዲህ ነው። ግን ላስቲኩ ተነቅሎ ወድቆም ሊሆን ይችላል። ጋሼም «ላስቲክ መጀመሪያ የሚሄድ ነገር ነው» አሉኝ። «አይቀድምም» ላይ 1933 ዓ.ም. ጻፍኩ፤ እ.ኤ.አ. 1942ን በቅንፍ ውስጥ፣ «ምናልባት» ብዬ።

ኅዳር፣ 12/3/49

ይህኛው ለቤተሰቡ ከሁሉም የከበደ ነበር።

ፎቶው ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆረጠ ነው፣ ብዙ ሰው አልበሙ ውስጥ የሚያውቀው ዓይነት። አባት ስኩተር ይዘዋል፣ እናት አጠገባቸው ሕፃን ታቅፈው ቆመዋል። ጀርባው ላይ በእርሳስ «12/3/49» ተጽፏል፤ ሌላ ቃል የለም።

ሁለት ወንድማማቾች ናቸው ያመጡልኝ። ታላቁ በ1940 ዓ.ም. የተወለዱ ናቸው፤ ታናሹ በ1948። ወላጆቻቸው በሕይወት የሉም። ሕፃኑ ማን ነው? ታላቁ «እኔ ነኝ፤ አባባ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር ይሠሩ ስለነበር ቀን የሚጽፉት በፈረንጅ ነው» ይላሉ። በዚያ ስሌት እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1949 ነው፤ በእኛ መጋቢት 3 ቀን 1941 ዓ.ም.፣ ታላቁ የአንድ ዓመት ልጅ የሆኑበት ጊዜ። ታናሹ ደግሞ በእኛ ነው ይላሉ፦ ኅዳር 12 ቀን 1949 ዓ.ም.። እናታቸው ጥበብ ለብሰዋል፣ ቀኑም ኅዳር ሚካኤል ይሆናል። ክርክሩ በመካከላቸው ብዙ ዓመት የቆየ ነው፣ ተሳስቀው የሚያነሱት ቢሆንም ሁለቱም ከልባቸው ነው።

ስኩተሯ ላምብሬታ ናት። ኢኖቼንቲ የተባለው የሚላን ፋብሪካ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሽፋን የላቸውም፤ ቧንቧው፣ ሞተሩ፣ ሰርባቶዮው ሁሉ ከኮርቻው ሥር ተጋልጦ ይታያል። ጎኗና ኋላዋ በቆርቆሮ የተሸፈነችው፣ ፊት ለፊት እግርን ከጭቃ የሚጠብቅ ሰፊ ጋሻ ያላት፣ ኤልሲ ተብላ የወጣችው በ1950 ነው፤ ኤልዲ ደግሞ በ1951 መጨረሻ ተከተለች።

በፎቶው ላይ ያለችው ሙሉ ሽፋን አላት። በመጋቢት 1949 እንዲህ ያለች ላምብሬታ በዓለም ላይ አልነበረችም።

ከመናገሬ በፊት ሌሎች መንገዶችን ዘጋሁ። ሽፋኑ በኋላ የተገጠመ ይሆን? የተሸፈነችው ከጋሻዋ እስከ ኋላ መብራቷ አንድ ወጥ ሆና ነው የተሠራችው፤ ክፍቷ ላይ ቆርቆሮ በመግጠም እዚህ አይደረስም። ቬስፓ ትሆን? ቬስፓ ሞተሯ በቀኝ ጎኗ ነው፣ የዚያን ዘመንም የፊት መብራቷ ፓራፋንጎው ላይ ነበር፤ የዚህችኛዋ ከላይ፣ ከመሪው አጠገብ ነው። ቀኑ ፎቶው ከተነሳ በኋላ ዘግይቶ የተጻፈ ይሆን? ቢሆንም ለታላቁ አይረዳቸውም፤ ስኩተሯ ራሷ ከ1950 ወዲህ ናት፣ በዚያን ጊዜ እሳቸው የታቀፈ ሕፃን አይደሉም።

ስለዚህ ቀኑ የእኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 1956። ሕፃኑ ታናሹ ናቸው።

ታላቁ ፎቶውን ተቀብለው ጥቂት አዩት። «እሺ፤ ታዲያ በሚካኤል ቀን እኔን የት ትተውኝ ነው?» አሉ። ታናሹ መልሱ ነበራቸው፦ ታላቁ በዚያን ጊዜ አጋሮ፣ አያታቸው ዘንድ ሆነው ይማሩ ነበር። ታላቁም አስታወሱ። ከዚያ ስለ አጋሮው ቤትና ስለ አያታቸው ቡና ሁለቱም ብዙ አወሩ፤ ያንንም በፈቃዳቸው ቀድቻለሁ።

ኅዳር መጨረሻ፣ መንገዱ ሲናገር

ይህ ፎቶ የማንም ቤተሰብ አይደለም፤ የከተማው ዋና መንገድ ነው። ላንድሮቨር፣ የጭነት መኪና፣ ፊት ለፊት የሚመጣ ሞተር። ሲሊንደሮቹ ወደ ግራና ቀኝ ወጥተዋል፤ ቢኤምደብሊው ነው። የፊት ጎማው የተያዘው ከጎማው ኋላ ዞሮ በሚመጣ ክንድና በሁለት አሞርትዛተር ነው። ቢኤምደብሊው ለባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሮቹ ይህን የፊት እግር የተጠቀመው ከ1955 እስከ 1969 ነው። ሰፊ ጊዜ ነው።

መንገዱ አጠበበው። ሁሉም ተሽከርካሪ ግራውን ይዞ ነው የሚሄደው። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የተዛወረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ፎቶው የተገለበጠ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ቀኝ ግራ ሆኖ ታይቶ ሊሆን ይችላል። የሱቅ ሰሌዳው ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ በትክክል ይነበባል፤ አልተገለበጠም። አንድ ተሽከርካሪ ብቻ ቢሆን ሊቀድም ወጥቶ ነው እል ነበር፤ እዚህ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄዱ አሉ። ስለዚህ ከ1947 እስከ ሰኔ 1956 ዓ.ም. ድረስ። ሁለቱም መስመር የሞላ ፖስታ ስለሆነ ደስ ብሎኛል።

ታኅሣሥ፣ አንድ ትራያምፍ በሦስት አልበም

ከሦስት የማይተዋወቁ ቤተሰቦች የመጡ ሦስት ፎቶዎች አሉ። በሦስቱም ወንዱ የእንግሊዙ ትራያምፍ ላይ ተቀምጧል፤ ሦስቱም ቤተሰብ «የአባታችን ሞተር» ይላል።

ትራያምፍ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስል ምልክቱን እየለዋወጠ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. እስከ 1948 ቆጣሪዎቹ ሰርባቶዮው ላይ ነበሩ፤ በ1949 ከፊት መብራቱ ጋር በአንድ የቆርቆሮ ሽፋን ውስጥ ገቡ። የሰርባቶዮው ምልክት ከ1950 እስከ 1956 አራት አግድም መስመሮች አሉት፤ በ1957 እንደ ወንፊት የተከፋፈለ ትልቅ ምልክት መጣ። ጽሑፉ ባይነበብ እንኳ ቅርጹ ብቻ ይበቃል። የእነዚህ ሦስቱ መብራታቸው በሽፋኑ ውስጥ ነው፣ ምልክታቸው ባለ አራት መስመር ነው፣ ኋላቸው አሞርትዛተር የለውም። ይህ ዓይነት ባለ ሁለት ሲሊንደር ትራያምፍ በ1955 ባለ አሞርትዛተር ሆኗል። ስለዚህ የሞተሩ ሥሪት ከ1950 እስከ 1954 ነው፤ «አይቀድምም» 1942 ዓ.ም.።

ሦስቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ግን ሌላ ነገር ወጣ። በሁለቱ ላይ ሰርባቶዮው በቀኝ በኩል ከምልክቱ በታች ተጨፍልቋል፤ ጉድጓዱ ቦታውም ቅርጹም አንድ ነው። ታርጋው በሁለቱ ይታያል፣ ቁጥሩ አንድ ነው። ሦስተኛው ላይ ታርጋው ተሸፍኗል፣ ሰርባቶዮውም ጉዳት የለበትም፤ ነገር ግን ማርሚታው ላይ ያለው ጭረትና በመሪው ላይ በሽቦ የታሰረው መስታወት ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። ሞተሩ አንድ ነው።

ጋሼ ሲያዩት ወዲያው አወቁት። ሞተሩ የፎቶ አንሺው ነበር። በበዓል ቀን ከበሩ ፊት ለፊት ያቆመዋል፤ የፈለገ ይቀመጥበታል። «እኔም ተነስቼበታለሁ፤ ፎቶው የት እንደገባ እንጃ» አሉ።

ከሁሉ የበለጠው ጥቅም ይህ ነው፦ አንዱ ፎቶ የሠርግ ነው፣ ቤተሰቡም የጋብቻ ወረቀቱን አሳይተውኛል፣ ጥር 1952 ዓ.ም.። በዚያ ፎቶ ሰርባቶዮው ተጨፍልቋል፣ ሁለቱም የጉልበት መደገፊያ ላስቲኮች አሉ። ጉዳት የሌለበት ፎቶ እንግዲህ ከሠርጉ በፊት ነው። በሌላኛው የተጨፈለቀ ፎቶ ደግሞ የግራው ላስቲክ ወድቋል፣ ኮርቻውም እዚህ በአገር ልብስ ሰፊ እጅ በሌላ ቆዳ ተለብዷል፤ ከሠርጉ በኋላ ነው። የተጨፈለቀ ሰርባቶዮ ተመልሶ ሊቃና ይችላል፣ ይህን ጋሼን ጠየቅኋቸው። «ቢቃናም ቀለሙ ይመሰክራል» አሉ፤ ጉዳት በሌለበት ፎቶ ላይ ቀለሙና የወርቅ መስመሩ ሳይቆረጥ ዙሪያውን ይሄዳል። በፋብሪካ የተቀባ ነው።

ለቤተሰቦቹ ሞተሩ የአባታቸው እንዳልነበረ መንገር ነበረብኝ። አንዷ ልጅ ተከፋች፤ ስታድግ ስትሰማው የኖረችው ነው። ፖስታው ላይ «የአባታቸው ሞተር» የሚለውን «በፎቶ አንሺው ሞተር ላይ» ብዬ ጻፍኩ። ያንን ማለሳለስ አልችልም፤ የሌሎቹ ሁለቱ ፎቶ ቀን የቆመው በዚሁ ላይ ነው። አባቷ ግን መንዳት ያውቁ እንደነበር አንድ ጎረቤት ነግሮኛል፤ እሱንም ከሥሩ ጨመርኩላት።

ጥር

ባለ ቀለሞቹን በፍጥነት ጨርሻለሁ። አብዛኞቹ ያማሃና ሆንዳ ናቸው፤ የግብርናና የጤና ሠራተኞች ከገጠር ሲመለሱ የተነሱ። ወረቀታቸው በላስቲክ የተለበጠው ከ1970ዎቹ ወዲህ የመጣው ነው፣ ቀለማቸው ወደ ቀይ ሄዷል፣ ጀርባቸው ላይም በብዛት ቀን አለ። ባለቤቶቹም በሕይወት ስላሉ ከሞተሩ ይልቅ እነሱን መጠየቅ ይቀላል።

ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከቦንጋም ፎቶ እንዳላቸው የነገሩኝ ሰዎች አሉ። በስልክ አንስታችሁ ለምትልኩልኝ፦ ጠርዙን አትቁረጡ፣ ሙሉውን አንሱት። ጀርባውን ለብቻው፣ መብራት ከጎን አድርጋችሁ አንሱት። በማጥሪያ መተግበሪያ አታሳልፉት። ቀን የተጻፈበት ከሆነ የጻፈው ሰው በየትኛው አቆጣጠር ይጽፍ እንደነበር የምታውቁትን ንገሩኝ፤ ካላወቃችሁም ግድ የለም፣ ሞተሩን እናየዋለን።